ቅላፄውን ሳይሆን ነገሩን መስማት፦ በአነጋገር ላይ የተመሠረተን ግምት ለማረም የሚረዳ መመሪያ

አንድ ባለጉዳይ ደሴ ውስጥ ከአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆሞ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሳይጨርስ፣ ከመስኮቱ በስተጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛ ስለ እርሱ ብዙ ነገር ወስኖ ይሆናል፦ ከየት እንደ መጣ፣ ተምሮ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ ቅጹን ራሱ መሙላት እንደሚችልና እንደማይችል፣ አንዳንድ ጊዜም የማን ወገን እንደሆነ። ይህ ሁሉ ፍርድ የሚሰጠው በሁለት ወይም በሦስት ድምፆች ላይ ተመሥርቶ ነው። ሠራተኛው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ጆሮው ከልጅነቱ ጀምሮ የለመደውን ሥራ ሠራ እንጂ። ነገር ግን ባለጉዳዩ የሚናገረው ነገር ገና ሳይጀመር መደመጡ አብቅቷል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚያ ሠራተኛ፣ ለመምህሩ፣ ለቀጣሪው፣ ለአከራዩና ለወላጁ ነው፤ እኔም በመምህርነት ዘመኔ በዚሁ ጥፋት የተገኘሁ ስለሆንኩ የምመክረው ከሩቅ ቆሜ አይደለም።

ብዙ ሰው ለዚህ ልማድ መከላከያ አድርጎ የሚጠቅሰው ተረት አለ፦ «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል»። ተረቱ ትክክል ነው፤ የሚሳሳተው አጠቃቀሙ ነው። በሽምግልናና በችሎት ልማዳችን «አነጋገር» ማለት ቃሉን መምረጥ፣ ነገሩን ማስረዳት፣ ምስክሩን በቦታው ማስቀመጥ ነው፤ ነገሩን አጣሞ ያቀረበ ሰው ይረታል ማለት ነው። ደላንታ ተወልዶ ያደገ ሰው የደላንታን ዜማ ይዞ መናገሩ በዚህ ተረት የሚፈረድበት ጉዳይ አይደለም። እንዲያውም ተረቱ በትክክል ከተያዘ የሚያዝዘን ሰውየው ምን እንዳለ ልብ ብለን እንድንሰማ ነው።

በራስ አፍ መጀመር

አማርኛ ተናጋሪ ስለ ሌላው ያለውን ግምት አብዛኛውን ጊዜ የሚገልጠው በስድብ ሳይሆን በተውላጠ ስም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ይሁን፦ ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ ማምሻ ላይ፣ ያነጋገሯቸውን እንግዳ ሰዎች በማስታወሻ ደብተር ላይ ይዘርዝሩ፤ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ለፊት በግምት ዕድሜውን፣ አነጋገሩ የከተማ ይሁን የገጠር ወይም አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገር ሰው ይሁን፣ በመጨረሻም «አንተ» ወይም «አንቺ» ብለውት እንደሆነ፣ ወይስ «እርስዎ» ወይም «አንቱ» ብለውት እንደሆነ ይጻፉ። ሳምንቱ ሲያልቅ በዕድሜ የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎችን ያስተያዩ። አንዱ በደሴ አማርኛ ስለ ተናገረ «እርስዎ» ተብሎ፣ ሁለተኛው ከሳይንት ወይም ከወግዲ የመጣ መሆኑ ከአፉ ስለ ታወቀ ብቻ «አንተ፣ ቆይ እስቲ» ተብሎ ከተገኘ፣ ግምቱ በደብተሩ ላይ በግልጽ ተጽፏል። የበለጠ የሚያሳዝነው ደግሞ ያ ከገጠር የመጣ ሽማግሌ የልጁ እኩያ የሆነውን ሠራተኛ «አንቱ» እያለ በአክብሮት ሲያነጋግረው መዋሉ ነው።

ማረሚያው ቀላል ነው፤ ውሳኔውን ከድምፁ ማስቀደም። ወደ መስኮቱ የሚቀርብ ማንኛውም አዋቂ ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት «እርስዎ» እንዲባል በልብ ይወሰን። አነጋገሩ ከተሰማ በኋላ የሚሰጥ አክብሮት ምንጊዜም በጆሮ ሚዛን የተመዘነ ይሆናል።

ሁለተኛው ሥራ፣ መልስ ከመስጠት በፊት የሰሙትን ነገር በራስ ቃል መልሶ መናገር ነው፦ «ስለዚህ የጠፋብዎት የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተርዎ ነው፤ የሚፈልጉት ምትክ ነው፤ እንዲህ ነው የተረዳሁት።» ይህን ማለት ካቃተዎት ሲያዳምጡ የቆዩት ቅላፄውን ነበር። ሲመልሱ ግን ባለጉዳዩ የተጠቀመበትን ቃል እያረሙና ጠበቅ እያደረጉ አይድገሙበት፤ ይህ ማረጋገጥ መሆኑ ቀርቶ ማሳፈር ይሆናል። በእውነት ካልሰሙትም «አልሰማሁዎትም፤ እባክዎ ይድገሙልኝ» ይበሉ እንጂ አብሮት ወደ መጣው የከተማ ዘመድ ዞረው «ምንድን ነው የሚለው?» አይበሉ። ባለቤቱ ፊት ለፊት ቆሞ ሳለ በሦስተኛ ሰው መጥራት በብዙ መሥሪያ ቤት የማየው ነገር ሲሆን፣ እኔ እንደማምነው ከሣቅ የበለጠ የሚያቆስል ነው።

ራስን በጥልቀት መፈተን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከጥናት የተወሰደ ዘዴ አለለት። እ.ኤ.አ. በ1960 ዋላስ ላምበርትና ባልደረቦቹ በካናዳዋ በሞንትሪያል ከተማ፣ ሁለቱንም ቋንቋ አቀላጥፈው የሚናገሩ ሰዎች አንድ ዓይነት ጽሑፍ አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ አንድ ጊዜ በፈረንሳይኛ እንዲያነቡ አድርገው ድምፃቸውን ቀዱ። አድማጮቹ የተለያዩ ሰዎችን የሚሰሙ መስሏቸው ስለ አንባቢዎቹ ብልህነትና ታማኝነት፣ ስለ ቁመታቸውም ጭምር ግምት ሰጡ። ያው አንድ ሰው በእንግሊዝኛ ሲያነብ በብዙ ነገር የተሻለ ተብሎ ተገመተ፤ ፈረንሳይኛ የአፍ መፍቻቸው የሆኑ አድማጮች ራሳቸውም በገዛ ቋንቋቸው የተናገረውን ዝቅ አድርገው ገመቱ። በትምህርት ቤት ወይም በመሥሪያ ቤት ይህን በትንሹ መሞከር ይቻላል፦ የደሴንም የትውልድ መንደሩንም አነጋገር በሚገባ የሚችል አንድ ሰው አንድ አጭር ማስታወቂያ በሁለቱም መንገድ አንብቦ በስልክ ይቅዳ፤ የሥራ ባልደረቦች ሳይነገራቸው «የትኛው ሰው ለኃላፊነት ይመረጣል?» ተብለው ይጠየቁ፤ ከዚያም እውነቱ ይነገራቸው። ከረዥም ስብከት ይልቅ ይህ ያስተምራል።

ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ

የማናውቀውን ድምፅ ስሕተት እንለዋለን። ምንጩን ካወቅነው ግን ሣቁ በራሱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጥቂት ነገሮችን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

ከገጠር የመጣ ተማሪ «ከዚያ» በማለት ፈንታ «ኸዚያ»፣ «ከቤት» በማለት ፈንታ «ኸቤት» ሲል ክፍሉ ይሥቅበታል። ነገር ግን ይህ ድምፅ የራሱ ፊደል ያለው፣ በፊደል ገበታችን ላይ ከ«ከ» ተነሥቶ የተቀረጸው «ኸ» ነው። ልጁ የተናገረው ፊደል የተቀረጸለትን ድምፅ ነው። እንዲሁም በሰሜኑ ገጠር በብዙ ቦታ «ሄድሁ»፣ «ጠየቅሁ» የሚል ሰው «ሄድኩ»፣ «ጠየቅኩ» በለመደ የከተማ ጆሮ ዘንድ ኋላ ቀር ይመስላል፤ ያው የከተማ ሰው ግን መጽሐፍ ቅዱስን ሲገልጥ የሚያነበው «ሄድሁ» ተብሎ የታተመውን ነው። በመጽሐፍ ሲሆን ክቡር፣ በገበሬ አፍ ሲሆን አስቂኝ ከሆነ፣ የተናቀው ቃሉ አይደለም።

የዋድላ ሰው አነጋገር መቀለጃ ሲሆን ስሰማ በተለይ ያመኛል። ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሟ የሚጠራ የቅኔ ቤት አገር ናት፤ ከሌላ አውራጃ ጭምር ደቀ መዛሙርት ኮቾሮአቸውን ይዘው ሰምና ወርቅ ሊማሩ የተሰደዱባት ናት። የወሎ ሙስሊም ሊቃውንትም በአማርኛ ያዘጋጁትን መንዙማ በዓረብኛ ፊደል እየጻፉ ያቆዩልን የከተማ ቅላፄ ተምረው ሳይሆን በየመንደራቸው አንደበት ነው። መደበኛ የምንለው አማርኛ መደበኛ የሆነው ከሌላው ስለ ጠራ አይደለም፤ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ተቆርቁራ ቤተ መንግሥቱ፣ ማተሚያ ቤቱ፣ በኋላም ሬዲዮውና ቴሌቪዥኑ በዚያ ስለ ተሰበሰቡ ነው።

አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገሩ ወገኖቻችን ጉዳይ ደግሞ ሌላ ዕውቀት ይጠይቃል። ከሚሴ ወይም ባቲ አካባቢ አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታ ሰው አንዲትን ሴት «አንተ» ቢላት ሊሰድባት አይደለም፤ በአፋን ኦሮሞ «አቲ» የሚለው ቃል ወንድንም ሴትንም እኩል የሚጠራ ስለሆነ፣ «አንተ» እና «አንቺ» ብሎ መለየት ለእርሱ በኋላ የተማረው ተጨማሪ ሥራ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ከመቀየም አልፎ «አማርኛ ሰበረ» ብሎ መሣቂያ ያደርገዋል። በሰኞው የባቲ ገበያ ከቆላ የሚወጣው አፋር ደግሞ «ጠ»ን፣ «ቀ»ን ወይም «ጨ»ን አላልቶ ሲናገር ይሰማል፤ በአፋርኛ እንደነዚህ ያሉ ጠንካራ ድምፆች የሉም። በአንጻሩ አፋርኛ ከጉሮሮ የሚወጡ የ«ሐ» እና የ«ዐ» ድምፆች አሉት። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች እነዚህን ፊደላት ከግእዝ ወርሰን እስከ ዛሬ እንጽፋቸዋለን፤ ድምፃቸውን ግን ጥለነው «ሐ»ን እንደ «ሀ»፣ «ዐ»ን እንደ «አ» እናነባቸዋለን። አፋሩ በእኛ ሚዛን ፊደል ይገድፋል ከተባለ፣ እኛም በእርሱ ጆሮ ሁልጊዜ ስንገድፍ እንኖራለን።

ከእነዚህ ሁሉ ፈጽሞ የተለየው መንተባተብ ነው። እርሱ ዘዬም የሁለተኛ ቋንቋ ቅላፄም አይደለምና፣ ለሚንተባተብ ሰው የሚደረግለት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቃሉን ሳይነጥቁትና ሳይጨርሱለት በትዕግሥት መጠበቅ። ሙሴ በኦሪትም በቁርአንም አንደበቱ የሚከብደው ሰው ሆኖ ተገልጿል፤ የተላከውም እርሱ ነው።

በክፍል ውስጥ

ከብዙ ዓመት በፊት ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምር፣ ከደጋ የመጣ አንድ አዲስ ተማሪ ለጥያቄዬ ተነሥቶ መለሰ። መልሱ ትክክል ነበር፤ እንዲያውም እኔ ያልጠበቅሁትን ምክንያት ጨምሮ ነበር። ክፍሉ በ«ኸ»ው ሣቀ፤ እኔም ፈገግ አልኩ። ልጁ ዓይኑን ወደ እኔ መልሶ ያን ፈገግታ አየና ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓመቱ እስኪያልቅ ድረስ አንድም ቀን እጁን አላወጣም፤ በጽሑፍ ፈተና ግን ከክፍሉ ቀዳሚዎች አንዱ ነበር። ሣቁ የክፍሉ ቢሆንም ፍርዱን ያጸናሁት እኔ ነበርኩ።

ለመምህራን የምሰጠው ምክር ከዚህ ይነሣል። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማንም ሳይሣቅበት በፊት፣ በክፍሉ ያሉትን አነጋገሮች የትምህርት ርእስ ማድረግ ይጠቅማል። ተማሪዎች «ቆንጆ»፣ «ትንሽ ልጅ»፣ «ቶሎ ና» የሚለውን በየመንደራቸው እንዴት እንደሚሉ ከአያቶቻቸው ጠይቀው ይምጡ፤ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሲታይ ከደሴ የመጣውም ልጅ አያቱ የሚናገሩት ከገጠሩ ልጅ ጋር አንድ መሆኑን ብዙ ጊዜ ያገኘዋል።

መደበኛውን የጽሑፍ አማርኛ ማስተማር ግዴታ ነው፤ በዚህ አላመነታም። ተማሪው ፈተና የሚፈተነውና ማመልከቻ የሚጽፈው በእርሱ ስለሆነ፣ ይህን መንፈግ ሌላ በደል ይሆናል። ነገር ግን እርማቱ በደብተሩ ላይ ይሁን። ልጁ ስለ ፎቶሲንተሲስ ሲያስረዳ የቃሉን አወራረድ አቋርጦ ማረም የሳይንሱንም የቋንቋውንም ትምህርት ያበላሻል። የቃል ነጥብ የሚሰጥ መምህር መስፈርቱን አስቀድሞ ይጻፈው፦ ሐሳቡ የተሟላ ነው ወይ፣ ምሳሌ ሰጥቷል ወይ፣ ከኋላ ለተቀመጠው ይሰማል ወይ። «አማርኛው ያምራል» የሚል መስፈርት ከዚያ ውስጥ ሊገባ አይገባም።

ለሚኒ ሚዲያ አንባቢ ሲመረጥም እንዲሁ ነው። በብዙ ትምህርት ቤት በሰልፍ ጊዜ ድምፁ የሚሰማው ሁልጊዜ የከተማ ቅላፄ ያለው ልጅ ነው፤ ሌሎቹም ማይክሮፎን የእነርሱ እንዳልሆነ በዚያው ይማራሉ። ተራውን በዙር ማድረግ ከሁሉ የቀለለ መፍትሔ ነው።

በቅጥርና በኪራይ

ይህ ክፍል አጭር ነው፤ መፍትሔው ስለሚታወቅ። ለቃለ መጠይቅ የተቀመጠ ኮሚቴ ለሁሉም አመልካቾች አንድ ዓይነት ጥያቄ ያዘጋጅ፤ ነጥቡንም በእያንዳንዱ መልስ መጨረሻ ወዲያው ይስጥ እንጂ በመጨረሻ ላይ «እንዴት አገኛችሁት?» ተባብሎ በስሜት አይደምር። ሥራው ከሕዝብ ጋር መነጋገርን የሚጠይቅ ከሆነ የሚፈለገው ችሎታ «በግልጽ ማስረዳት» ተብሎ ይጻፍ። ከወረባቦ የመጣች ልጅ ለወረባቦ ገበሬ ከማንም በላይ ግልጽ ልትሆን እንደምትችል ኮሚቴው አይርሳ። አከራይ የሆነ ሰው ደግሞ ደላላው በስልክ ያገናኘውን ሰው ድምፅ ሰምቶ «ቤቱ ተይዟል» ከማለቱ በፊት ጥያቄውን ስለ ኪራዩና ስለ ነዋሪው ብዛት ብቻ ያድርግ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ሰዎች ሁሉ በሕግ ፊት እኩል መሆናቸውን ሲደነግግ፣ ልዩነት ሊደረግባቸው ከማይገቡ ነገሮች መካከል ቋንቋን በስሙ ጠርቶታል።

ሙገሳም ግምት ሊሆን ይችላል

ወሎዬ የሆነ ሰው ከአገሩ ሲወጣ ከሚሣቅበት ይልቅ የሚሞገስበት ጊዜ ይበዛል፦ «አማርኛችሁ እንዴት ይጣፍጣል!»፣ «ወሎዎች ገራገር ናችሁ፤ ከአፋችሁ ያስታውቃል።» ይህ በፍቅር የሚነገር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን አንዲት ሐኪም ስለ በሽተኛው ሁኔታ ስታስረዳ ወይም አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ጉድለት ማግኘቷን ስትናገር አድማጩ «ስትናገሪ ደስ ትያለሽ» ብሎ ከመለሰላት፣ ሪፖርቷ አልተሰማም። ገራገር ነው የተባለ ሰውም መብቱን አጥብቆ ሲጠይቅ «አንተ ወሎዬ አይደለህም እንዴ?» ይባላል፤ ሙገሳው ልጓም ይሆንበታል። ስለዚህ የሰው አነጋገር ደስ ሲልዎት በቅድሚያ ለተናገረው ነገር መልስ ይስጡ፤ ሙገሳው፣ የግድ ካስፈለገ፣ በቡናው ላይ ይድረስ።

ለሚሣቅበት ሰው

ጥፋቱ የሣቂው ስለሆነ ሸክሙን በተሣቀበት ሰው ላይ መጫን አልፈልግም፤ ይሁን እንጂ በዕለቱ የሚያደርገው ነገር ያስፈልገዋል። በእኔ ግምት የሚሻለው ስለ አነጋገሩ ሙግት አለመግጠም ነው፤ ሙግቱ ራሱ ከነገሩ ያስወጣዋልና። «ያልኩት ነገር ገባዎት?» ብሎ በእርጋታ መጠየቅና ነገሩን በዚያው አነጋገር መድገም ይበቃል። ለእኩያ ከሆነ «አነጋገሬን ሰምተሃል፤ ያልኩትን ደግሞ ስማ» ማለት ይቻላል።

ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ልጆች «ፋራ» እንዳይባሉ ሲሉ በአንድ ወሰነ ትምህርት አነጋገራቸውን ለውጠው ይመለሳሉ። በሁለት መንገድ መናገር መቻል ክህደት አይደለም፤ ሀብት ነው፤ ወላጆችም በክረምት የመጣውን ልጅ «አራዳ ሆንክብን» እያሉ በተራቸው አይሣቁበት። የሚያሳስበው ልጁ እናቱ ስትደውል ጓደኞቹ እንዳይሰሙበት ከክፍሉ ወጥቶ መናገር ሲጀምር ነው። ይህን ያየ ታላቅ ወንድም ወይም እኅት ዝም አይበል።

በቡና ላይ አንድ ሰው የሌላውን አነጋገር እያስመሰለ ሲያሥቅ፣ ቤተኛው ሁሉ እያለ መቆጣት ከባድ ነው። እኔ የማደርገው «እሺ፣ ግን ሰውየው ምን ፈልጎ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀልደኛው መልሱን አያውቀውም፤ ጨዋታውም ወደ ሰውየው ጉዳይ ይዞራል።

አነጋገር የወገን መለያ ሲሆን

በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 12 የገለዓድ ሰዎች በዮርዳኖስ መሻገሪያ ላይ ቆመው መንገደኛውን ሁሉ «ሺቦሌት በል» ይሉት ነበር፤ «ሲቦሌት» ያለ ኤፍሬማዊ ተለይቶ ይገደል ነበር። በአንድ ፊደል ልዩነት አርባ ሁለት ሺህ ሰው እንደ ወደቀ ተጽፏል። አነጋገርን ሰምቶ ወገን መለየት ከየት እስከ የት ሊደርስ እንደሚችል እኛ ባለንበት ዘመን ማስረዳት አያስፈልግም። በቁርአን የሮም ምዕራፍ ደግሞ የቋንቋዎች መለያየት ከአላህ ምልክቶች አንዱ ተብሎ ተቆጥሯል፤ በወሎ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም መጻሕፍት የሚገኙበት ጊዜ ስላለ፣ ለልጆች ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ይቻላል።

በተለይ አንድ ጉዳይ ልብ እንዲባል እለምናለሁ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ብዙ ወሎዬ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተወስዶ ሰፈረ። በቅርብ ዓመታት ከወለጋ የተፈናቀሉ ብዙ ቤተሰቦች ደግሞ ወደ ደቡብ ወሎ መጥተው ተጠልለዋል፤ ከመካከላቸው የእነዚያ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች አሉ። አማርኛቸው የወለጋን ዜማ ይዟል። ልጆቻቸው በእኛ ትምህርት ቤቶች ሲቀመጡ «ከየት ነህ?» የሚለው ጥያቄ የመጀመሪያው ጥያቄ እንዳይሆን፣ ቅጽል ስምም ከአነጋገራቸው እንዳይወጣላቸው መምህሩና የክፍሉ አለቃ አስቀድመው ይስማሙ። ልጁ ራሱ ሲፈልግ ይናገረዋል።

እኔ ከዚያ ከደጋው ተማሪ በኋላ አንድ ልማድ ይዣለሁ። ተማሪ ለመመለስ ሲነሣ ጠመኔ ይዤ ወደ ሰሌዳው እዞራለሁ፤ እየተናገረ ሳለ የሚለውን ሐሳብ እጽፋለሁ። ክፍሉ ለመሣቅ ሲያስብ መልሱ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ያየዋል፤ እኔም ቀጣዩን ጥያቄ ከዚያ ጽሑፍ ላይ አነሣለሁ።